«ጊደሬን ሸጬ ልከተብ?» የብልት ኪንታሮት፣ መመላለሱና ክትባቱ

ጥያቄ፦ «የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ምዕራብ ጎጃም ፍኖተ ሰላም አካባቢ ነው። በ17 ዓመቴ ተዳርኩ፤ የ11 ዓመት ሴት ልጅና የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ከስምንት ወር በፊት በብልቴ ከንፈር ላይ የአበባ ጎመን የሚመስሉ ትናንሽ እብጠቶች ወጡብኝ። አያሙም፤ ያሳክካሉ። በአንድ ክሊኒክ ሁለት ጊዜ ቡናማ መድኃኒት ቀብተው አጠፉልኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ በሁለት ወሩ ተመልሰው መጡ። ከባለቤቴ በቀር ወንድ አላውቅም። እርሱ ምንም ስላልወጣበት ‹ከየት አመጣሽው?› ብሎ ሽማግሌ ሊሰበስብ ነው። ጎረቤቶቼ ትኩስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ ነው ይላሉ፤ አንዷ የቁልቋል ወተት ቀቢበት ብላኛለች። የእርግዝና መከላከያ መርፌዬም ይጠረጠራል። ባሕር ዳር ያነጋገርኩት የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ደግሞ ዳግመኛ እንዳይመለስ የሚያደርግ ክትባት አለ፣ ሦስት ጊዜ ትወጊያለሽ አለኝ። ዋጋው ያለችኝን አንድ ጊደር የሚያስሸጠኝ ነው። ሸጬ ልከተብ? ወደ ካንሰርስ ይለወጣል? ሌላ ልጅ መውለድም እንፈልጋለን።»

ምላሽ፦ ጊደሯን አይሽጡ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን ከስሙ መጀመር አለብኝ፤ በዚህ ሕመም ላይ ብዙው ስሕተት የሚጀምረው ከስሙ ነውና።

በቋንቋችን «ኪንታሮት» የምንለው ሁለት የማይገናኙ ሕመሞችን ነው። አንዱ በፊንጢጣ ያሉ የደም ሥሮች ሲያብጡ የሚመጣው ነው፤ ከሆድ ድርቀት፣ ከእርግዝናና ከማማጥ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሌላው በቫይረስ ምክንያት በቆዳ ላይ የሚበቅለው ነው፤ እጅ ላይ ይወጣል፣ እግር ላይ ይወጣል፣ ብልት ላይም ይወጣል። እርስዎ የገለጹት ይህን ሁለተኛውን ነው። በሥራዬ ለፊንጢጣው የተሠራ ቅባት ለወራት ብልታቸው ላይ ሲቀቡ የቆዩ ሴቶች አጋጥመውኛል። ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አይደለም። መድኃኒት ቤት ሄደው በሰው ፊት «ኪንታሮት ይዞኛል» ከማለት በላይ መናገር ያሳፍራቸዋል፤ ሻጩም አይጠይቅም፤ ቅባቱን ይሰጣል፤ ይዘው ይሄዳሉ። በየመንገዱ «ኪንታሮት ያለ ቀዶ ሕክምና እናድናለን» የሚሉት ማስታወቂያዎችም አብዛኞቹ የሚናገሩት ስለ ፊንጢጣው ነው። እርስዎ የትም ሲሄዱ «የብልት ኪንታሮት» ይበሉ፤ ሁለት ቃል ነው፣ ከብዙ ወጪ ያድናል።

መንስኤው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤች ፒ ቪ ይባላል። ከ200 በላይ ዓይነቶች ያሉት ሰፊ ቤተሰብ ነው፤ ዓይነቶቹን የምንጠራቸው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ወደ 40 የሚሆኑት በብልትና በፊንጢጣ አካባቢ ይኖራሉ። ከአሥር የብልት ኪንታሮቶች ዘጠኙን የሚያመጡት 6 እና 11 ቁጥር ናቸው። ከአሥር የማህፀን በር ካንሰሮች ሰባቱን ያህል የሚያመጡት ደግሞ 16 እና 18 ቁጥር ናቸው። ስለዚህ እርስዎ በዓይንዎ የሚያዩት ኪንታሮት አድጎ አድጎ የማህፀን በር ካንሰር አይሆንም። ዘመዳማቾች ናቸው እንጂ አንዱ ሌላውን አይወልድም። ነገር ግን ሁሉም የሚገቡት በአንድ በር ስለሆነ 6 ቁጥር የያዘው ሰው 16 ቁጥርም ሊኖርበት ይችላል፤ ይህኛው ደግሞ አይታይም፣ አያሳክክም። የማህፀን በር ምርመራን ከዚህ በታች አጥብቄ የማነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ድንጋይ ትኩስም ሆነ ቀዝቃዛ ቫይረስ አይሰጥም። ጨብጥም በድንጋይ ሲሳበብ ኖሯል፤ ድንጋይ መልስ ስለማይሰጥ ይመስለኛል። የጋራ መጸዳጃ ቤት፣ ምግብ፣ የሰውነት ንጽሕና መጓደል፣ እርግማን፣ የሚወጉት መርፌ፣ አንዳቸውም የብልት ኪንታሮት አያመጡም። መርፌውን በዚህ ምክንያት እንዳያቋርጡ። ቫይረሱ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ጊዜ ቆዳ ከቆዳ ሲነካካ ነው፤ ሙሉ ግንኙነት ባይፈጸምም ሊተላለፍ ይችላል። ይህን ስል ባለቤትዎ ያሸነፉ ይመስላቸው ይሆናል። አላሸነፉም።

ቫይረሱ ከገባ በኋላ ኪንታሮቱ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በሁለትና በሦስት ወር ነው፤ ግን በሳምንታት ውስጥ ሊወጣም፣ ዓመታት ተሸሽጎ ቆይቶ ሊወጣም ይችላል። በዚህ ላይ ቫይረሱ የያዛቸው ብዙ ወንዶች ምንም ነገር አይወጣባቸውም። ባለቤትዎ ከጋብቻ በፊት ይዘውት ሊሆን ይችላል፤ ከእርስዎ ጋር ለዓመታት ሲኖሩ አንዳችሁም ሳታውቁት ቆይቶ ሰውነትዎ በደከመበት ወቅት ሊወጣ ይችላል። ዘንድሮ የወጣ ኪንታሮት ዘንድሮ የተፈጸመ ክሕደት ማስረጃ አይደለም፤ በእርስዎም ላይ በእርሳቸውም ላይ። ቫይረሱ መቼና ከማን እንደመጣ የሚናገር የላቦራቶሪ ምርመራ የለም። ላቦራቶሪ ያልቻለውን ሽማግሌ ሊፈርድ አይችልም። ሽማግሌ ከተሰበሰበ ይህን አንቀጽ ያንብቡላቸው።

የሚያጋልጡ ነገሮችን በተመለከተ ሴቶች የሚጠየቁት ሁልጊዜ ስለ ራሳቸው ነው፤ ስንት ወንድ አወቅሽ ተብለው። የሴትዮዋ የወንድ ብዛት በእርግጥ አንዱ ነገር ነው፤ ግን በአካባቢያችን ይበልጥ የሚመዝነው የባል ታሪክ ነው። በልጅነቷ የተዳረች፣ አንድ ወንድ ብቻ ያወቀች ሴት፣ ባሏ ከእርሷ በፊት ወይም ከእርሷ ጎን ለጎን ያወቃቸውን ሴቶች ሁሉ ቫይረስ ልትወርስ ትችላለች። ከጎጃም በየዓመቱ ስንቱ ጎልማሳ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል፤ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው አውራ ጎዳና ስንቱ ሾፌርና ነጋዴ ከቤቱ ውጭ ያድራል። ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ቫይረሱ የሚሄደው ሰው በሚሄድበት መንገድ መሆኑን ለማሳየት ነው። የጋብቻ ዕድሜን ሕጉ 18 ይላል፤ እርስዎ የተዳሩት በ17 ነው፤ ከዚያም በታች የሚዳሩ እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ግንኙነት በለጋ ዕድሜ በተጀመረ ቁጥር ለዚህ ቫይረስ መጋለጡም ያድጋል። በስምንተኛው ቀን መገረዝ የወንዱን ቫይረስ ተሸካሚነት ይቀንሰዋል፣ አያጠፋውም። ኮንዶምም እንደዚሁ፤ የማይሸፍነው ቆዳ ስላለ ይቀንሳል እንጂ አይዘጋም።

ሁለተኛው የአጋላጭ ወገን ቫይረሱ ከገባ በኋላ ሰውነት እንዳያሸንፈው የሚያደርገው ነው። ከሁሉም በላይ ኤችአይቪ ነው፤ በደሟ ኤችአይቪ ያለባት ሴት ኪንታሮቱ ይበዛባታል፣ ይተልቅባታል፣ ይመላለስባታል። በቁጥጥር ሥር ያልሆነ የስኳር በሽታ፣ ለረጅም ጊዜ የሚወሰዱ የስቴሮይድ መድኃኒቶች፣ እርግዝናም ይጨመራሉ። ሲጋራም አለበት፤ በእኛ ሴቶች ዘንድ እምብዛም ስለሆነ አልፈዋለሁ።

አሁን ጥያቄ የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ ሁለት ጊዜ ሲቀቡልዎ በቅድሚያ በደንብ አይተውዎታል? የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራ አድርገውልዎታል? በደብዳቤዎ ስላልጠቀሱት እንዳልተደረገ እቆጥራለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ቂጥኝ በብልት ላይ ጠፍጠፍ ያሉ፣ እርጥብ፣ ኪንታሮት የሚመስሉ እብጠቶች ያወጣል። መድኃኒቱ ፔኒሲሊን ነው፤ ቢቀቡት ቢተኩሱት ግን ይመላለሳል፤ ዝም ከተባለ ደግሞ ለእርስዎም ለሚወልዱት ልጅም አደገኛ ነው። ከዚህ ሌላ በብዙ ሴቶች ብልት መግቢያ ግራና ቀኝ በእኩል የተደረደሩ ለስላሳ ጥቃቅን ጫፎች አሉ፤ የተፈጥሮ ናቸው፤ አንዳንዱ ባለሙያ ግን ኪንታሮት ናቸው ብሎ ያቃጥላቸዋል። እብጠቱ ጠቆር ያለ፣ የደረቀ፣ የቆሰለ፣ የሚደማ ወይም በሕክምና ምንም የማይነቃነቅ ከሆነ ደግሞ ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት፤ በብልት ከንፈር ላይ የሚወጣ ካንሰርም ኪንታሮት መስሎ ሊቀርብ ይችላል። ውጫዊውን ብቻ አይቶ መቀባትም አይበቃም፤ የብልትን ውስጥና የማህፀንን በር በመሣሪያ ከፍቶ፣ ፊንጢጣንም ጨምሮ ማየት ያስፈልጋል። ውስጥ የቀረ ካለ ውጭውን ማጽዳት ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው።

ለምን ተመለሰ? ምክንያቱም ያሉን ሕክምናዎች ሁሉ የሚያጠፉት እብጠቱን እንጂ ቫይረሱን አይደለም። ጤፍ ያረመ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ አረሙን ከላይ ብታጭደው ማሳው ለጊዜው የጸዳ ይመስላል፣ ሥሩ ግን መሬት ውስጥ ነው። ቫይረሱ በእብጠቱ ዙሪያ ባለው፣ ጤነኛ በሚመስለው ቆዳ ውስጥም አለ። ስለዚህ በሕክምና ከጠፋላቸው ሰዎች በግምት ከአሥሩ በሦስቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በሆኑት ይመለሳል፤ የሚመለሰውም አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ነው። የእርስዎ የሁለት ወር ነገር በትክክል እዚያ ውስጥ ይወድቃል። አዲስ በሽታ አልያዝዎትም፤ ሰውነትዎም የተለየ ደካማ ነው ማለት አይደለም። ደስ የሚለው ነገር ጊዜ በእርስዎ በኩል መሆኑ ነው። ከአሥር ሰዎች በዘጠኙ የሰውነት መከላከያ ቫይረሱን በሁለት ዓመት ውስጥ በምርመራ እስከማይገኝ ድረስ ያዳክመዋል። ከኪንታሮቶቹም አንዳንዶቹ ምንም ሳይደረግላቸው በወራት ውስጥ ይከስማሉ። የሕክምናው ሥራ እስከዚያ ድረስ እብጠቱን እያጸዱ መቆየት ነው።

የተቀቡት ቡናማ መድኃኒት ፖዶፊሊን ይመስለኛል። ሁለት ጊዜ መቀባት ሙሉ ሕክምና አይባልም፤ በየሳምንቱ እየታየ እስኪጠፋ ይደገማል። ከአራት ሰዓት ሳያልፍ በደንብ መታጠብ አለበት፤ በጥቂቱ ይቀባል፣ በቁስል ላይ አይቀባም፣ በብዛት ወደ ደም ከገባ ነርቭን ይጎዳል። ከሁሉም በላይ ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሆንም። እርስዎ ሌላ ልጅ ስለምትፈልጉ ይህ ለእርስዎ ዋና ጉዳይ ነው፤ መርፌውን ካቆሙ በኋላ ማንም ሳይመረምርዎ ፖዶፊሊን እንዳይቀባዎት። ሌሎቹ አማራጮች፣ በየሳምንቱ በባለሙያ እጅ የሚነካው ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ፣ በማደንዘዣ በኤሌክትሪክ መተኮስ ወይም ቆርጦ ማውጣት ናቸው። ቤት ውስጥ ራሷ ሴትዮዋ የምትቀባቸው፣ ኢሚኩዊሞድና ፖዶፊሎቶክሲን የሚባሉም አሉ፤ ሁሉም ቦታ አይገኙም፤ እነርሱም በእርግዝና ጊዜ አይወሰዱም። የትኛው ይበልጣል ለሚለው ሐቀኛ መልሱ፣ ከሁሉም የሚበልጥ አንድ የለም ነው። ሁሉም ያጸዳሉ፣ ሁሉም መመለስን አያግዱም። ለጥቂት ትናንሽ እብጠቶች አሲዱ ወይም ማቀዝቀዙ ይበቃል፤ ለሰፋና ለተቆላለፈ ቀዶ ሕክምናው ይሻላል። ትክክለኛው ሕክምና በትክክል ከተደረገ አብዛኛው ሰው በሦስት ወር ውስጥ ለውጥ ያያል። ለውጥ ከሌለ ያንኑ መድኃኒት መደጋገም ሳይሆን ዘዴውን መቀየር፣ ምርመራውንም እንደገና ማሰብ ይገባል።

የቁልቋል ወተት አይንኩ። የቅንጭቡንም እንደዚሁ። የሚያቃጥል መሆኑ እውነት ነው፤ የሚያቃጥለውን ግን አይመርጥም፤ መጠኑን የሚለካ የለም፣ የብልት ቆዳ ደግሞ እንደ እጅ ቆዳ አይደለም። በዚህ ምክንያት ብልታቸው ተላጦ፣ መግል ይዞ፣ ሽንት መሽናት አቅቷቸው የመጡ ሴቶችን አክሜያለሁ፤ ኪንታሮቱ ከጠባሳው መሐል ቆይቶ ተመልሶ በቅሏል። በክር ወይም በፈረስ ጭራ ማሰርም ያው ነው። ጠበል መጠመቅ ከሕክምናው ጋር አይጋጭም፤ ሕክምናውን ግን አይተካም። ውስጥን በሳሙና ወይም በፀረ ጀርም መታጠብም ይተዉ፤ ቫይረሱን አያጥብም፣ ብልትን ያደርቃል፣ ያስቆጣል።

ስለ እርግዝና ብዙ አልልም፤ ምክንያቱም ከሚፈራው ያነሰ ነው። ኪንታሮት መውለድን አይከለክልም፣ መካን አያደርግም። በእርግዝና ወቅት ሊያድግና በቀላሉ ሊደማ ይችላል፤ ከወሊድ በኋላ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ነፍሰ ጡርም ብትሆን በአሲዱ ወይም በማቀዝቀዝ ትታከማለች። «ኪንታሮት ስላለብሽ በኦፕራሲዮን ትወልጃለሽ» ቢልዎት የሚቀበሉት እብጠቱ የመውለጃውን መንገድ የዘጋ ወይም ብዙ ደም የሚያፈስ ከሆነ ብቻ ነው። ቫይረሱ በወሊድ ጊዜ ወደ ልጁ አልፎ በጉሮሮው ላይ ኪንታሮት የሚያወጣበት አጋጣሚ አለ፤ ብርቅ ነው። ዴንማርክ ውስጥ በተደረገ ጥናት ኪንታሮት ከነበረባቸው እናቶች 1,000 ወሊዶች በ7ቱ ያህል ታይቷል። ልጅ እያደገ ሲሄድ ድምፁ ያለ ጉንፋን ሲሰልል ከቆየ ሐኪም ጋ ይወሰዳል። ቢቻል ግን አሁን ታክመው ጸድተው ጥቂት ወራት ቆይተው ቢያረግዙ እመርጣለሁ።

ወደ ክትባቱ እንመለስ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል፤ በእርስዎ ጉዳይ ጅቡ እንኳ አልሄደም፣ በረት ውስጥ ነው፤ ክትባቱ ደግሞ አጥር ነው። ክትባቱ የተሠራው ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል አዘጋጅቶ ቫይረሱ ሕዋስ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እንዲይዘው ነው። ሕዋስ ውስጥ አስቀድሞ የገባውን አያወጣም፤ ያለውን ኪንታሮት አያደርቅም። አጥርነቱን ማንም ሊያቃልለው አይችልም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2007 ልጃገረዶቿን መከተብ ስትጀምር ወደ ክሊኒኮች ከሚመጡ ከ21 ዓመት በታች ከሆኑ ሴቶች 11.5 በመቶው የብልት ኪንታሮት ይገኝባቸው ነበር፤ በ2011 ቁጥሩ ከ1 በመቶ በታች ወርዷል። በሕክምና ታሪክ እንዲህ ያለ ውጤት ብዙ አይታይም። ይህ ግን ቫይረሱ ሳያገኛቸው የተከተቡት ልጃገረዶች ውጤት ነው።

«እንዳይመለስ ይከላከላል» የሚለውስ ከየት መጣ? ከባዶ አልመጣም። በክትባቱ ትላልቅ ሙከራዎች ላይ የተሳተፉ ሴቶች በኋላ እንደገና ሲታዩ፣ የተከተቡትና በኋላ ኪንታሮት ወይም መሰል የብልት ሕመም የወጣባቸው ሴቶች ካልተከተቡት ይልቅ ቀጣይ ሕመም የያዛቸው በአንድ ሦስተኛ ያህል ባነሰ መጠን ነበር። ልብ ይበሉ፤ እነዚህ የተከተቡት ሕመሙ ከመታየቱ በፊት ነው፤ የቀነሰላቸውም ምናልባት ያልያዛቸው ሌሎች ዓይነቶች ስለተዘጉባቸው ይሆናል። ኪንታሮቱ ከወጣ በኋላ መከተብ ይጠቅም እንደሆነ በቀጥታ የፈተነው በእንግሊዝና በዌልስ የተካሄደው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጥናት ነው። ኪንታሮት ያለባቸው 503 ሰዎች ከሁለት ዓይነት ቅባቶች በአንዱ እየታከሙ ግማሾቹ ክትባቱን፣ ግማሾቹ ክትባት የሌለበት መርፌ ተወጉ። የተከተቡት በመጠኑ የተሻሉ ይመስሉ ነበር፤ ልዩነቱ ግን በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አልዘለለም። «ተከትባ ድራሹ ጠፋ» የሚሉ ወሬዎችን በተመለከተ፣ ሳይከተቡም ድራሹ የሚጠፋላቸው እንዳሉ ከላይ ተናግሬያለሁ። የመድኃኒት ቤቱ ሰው አልዋሸዎትም እላለሁ፤ ተስፋን እንደ ዋስትና አድርጎ ሸጠልዎት እንጂ።

ታዲያ ክትባቱ ለእርስዎ ፍጹም ከንቱ ነው? አይደለም። የያዘዎት 6 ቁጥር ቢሆን 11ን፣ 16ንና 18ን ሊከላከልልዎ ይችላል፤ ጉዳትም የለውም፤ ጊደር የማያስሸጥዎ ቢሆን ኖሮ አልከለክልዎትም ነበር። አንድ ባል ይዘው ለኖሩ የ31 ዓመት ሴት ግን አብዛኛው ሊገባ የሚችለው ቫይረስ አስቀድሞ ስለገባ ጥቅሙ ትንሽ ነው። በአሜሪካ ክትባቱ እስከ 45 ዓመት ፈቃድ አለው፤ እዚያም ሳይቀር ለሁሉም የሚመከረው እስከ 26 ዓመት ነው፤ ከዚያ በላይ ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ነው። ምክሬን የምቀይረው ለሁለት ሴቶች ነው፤ ገና ወጣት ሆና አዲስ ትዳር ለምትጀምርና ኤችአይቪ በደሟ ላለባት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ21 ዓመት ጀምሮ በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ዶዝ ይበቃል ብሏል፤ ሦስት ቢሆን ይመረጣል ያለው ኤችአይቪ ላለባቸውና መከላከያቸው ለደከመ ነው። ማንም የሚገዛ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፤ 16ንና 18ን ብቻ የሚከላከል፣ ሁለት ዓይነት የያዘ ክትባት አለ፤ ለካንሰሩ ደህና ነው፣ ለኪንታሮት ግን ምንም አይሠራም። ኪንታሮትን የሚከላከለው አራት ወይም ዘጠኝ ዓይነት የያዘው ነው፤ ሳይወጉ በፊት ማሸጊያውን አስነብቡ። ነፍሰ ጡር ሴት እስክትወልድ ትቆይ፤ ጡት የምታጠባ መከተብ ትችላለች።

አጥሩ በትክክል የሚያስፈልጋት ቤትዎ ውስጥ አለች፤ የ11 ዓመቷ ልጅዎ። አገራችን ክትባቱን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በትምህርት ቤት መስጠት ጀመረች፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን በአንድ ዶዝ የሚያዳርስ ዘመቻ ተካሂዷል። ክፍያ የለውም። መከተቧን ካርዷን አይተው ያረጋግጡ፤ ካልተከተበች የቀበሌዎን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይጠይቁ። «መካን ያደርጋል» የሚለውን ወሬ እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ሐሰት ነው።

እንግዲህ የሚያደርጉት ይህ ነው። በመጀመሪያ የማህፀን ሐኪም ወይም የቆዳና አባላዘር ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ከጤና ጣቢያዎ የሪፈር ወረቀት ጽፈው እንዲልኩዎት ይጠይቁ፤ ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ለእርስዎ ሩቅ አይደሉም። እዚያ ከውስጥም ከውጭም ይታዩ፤ የቂጥኝ፣ የኤችአይቪና የስኳር ምርመራ ያድርጉ፤ የእርግዝና ምርመራም አይቅር። በዚያው ቀን የማህፀን በር ምርመራ ይጠይቁ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ሁሉ የሚመከር ስለሆነ እርስዎ ኪንታሮት ባይኖርዎትም ይገባዎት ነበር። በቀላል ኮምጣጤ የማህፀንን በር ነክቶ ነጭ የሚሆን ቦታ እንዳለ ማየት ነው፤ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ነጭ ከተገኘና ለዚያ የሚሆን ከሆነ በዚያው ጉብኝት በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ ይታከማል። ለካንሰር የሚያስቡ ከሆነ ገንዘብዎም ጭንቀትዎም መሄድ ያለበት እዚህ ነው። ከዚያ ኪንታሮቱን እስኪጠፋ በተከታታይ ይታከሙ፤ ከጠፋ በኋላም ሦስት ወር በወር አንድ ጊዜ በመስታወት ራስዎን ይዩ። ጥቂት ሲበቅል ከሄዱ አንድ ንክኪ ይበቃዋል፤ ተቆላልፎ ከሄዱ ቢላዋ ይፈልጋል።

ባለቤትዎም አብረው ይምጡ። ለፍርድ ሳይሆን ለመታየት፤ ኪንታሮት ካላቸው ይታከማሉ፣ ከሌላቸው የሚቀባላቸው ነገር የለም፤ የቂጥኙና የኤችአይቪው ምርመራ ግን ለሁለታችሁም ነው። እብጠቱ በሚታይበትና ቁስሉ በማይድንበት ጊዜ ግንኙነት አቁሙ፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ወራት ኮንዶም ተጠቀሙ። ቀድሞ የተቀቡበትን የክሊኒክ ወረቀት ካለ ይያዙ፤ ወረቀት ካልሰጡዎት የመድኃኒቱን ስም ደውለው ይጠይቁ፤ የሚቀጥለው ሐኪም በመጀመሪያ የሚጠይቅዎት እርሱን ነው።